ስለ ነቢዩ ኤርምያስ እምነትና ስለ አቤሜሌክ ርኅራኄ

እምነትና ርኅራኄ ተለያይተው ሊኖሩ አይችሉም። ርኅራኄ የሌለበት እምነት ውሎ አድሮ ጭካኔ ይሆናል፤ እምነት የሌለበት ርኅራኄም በፍርሃት ታስሮ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ብዙ ሰዎች ግን አንዱን ይዘው ሌላውን ይተዋሉ። አንዱ ጾሙንና ጸሎቱን አያስታጕልም፤ ነገር ግን በደጁ የተቀመጠውን ድኻ አያየውም። ሌላው የተቸገረ ሰው ባየ ጊዜ ዐይኑ እንባ ይሞላል፤ ነገር ግን ሊረዳው ሲያስብ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይቀመጣል። የፊተኛው ሰው እምነት አለኝ ይላል፤ የኋለኛውም ርኅሩኅ ነኝ ይላል። ሁለቱም እንደ ተሳሳቱ ከነቢዩ ከኤርምያስ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ኤርምያስ የካህኑ የኬልቅያስ ልጅ ነበረ። የተወለደባትም መንደር ዓናቶት ትባላለች። ዓናቶት በብንያም ነገድ አገር፥ ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች፥ በእግር አንድ ሰዓት ያህል የምታስኬድ ቦታ ናት። ንጉሥ ኢዮስያስ በይሁዳ በነገሠ በ13ኛው ዓመት፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ዓመት፥ እግዚአብሔር ኤርምያስን ለነቢይነት ጠራው። ኤርምያስም ገና ልጅ ነበረና መናገር አላውቅም ብሎ ፈራ። እግዚአብሔር ግን ልጅ ነኝ እንዳይል ከለከለው፤ ከእርሱም ጋራ እንደሚሆን ተስፋ ሰጠው።

ይህን የሚያነብ ተማሪ ሁሉ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውል። ኤርምያስ የተጠራው ብርቱና ደፋር ስለ ነበረ አይደለም። መፍራቱንም አልሸሸገም። እምነት ማለት ፍርሃትን ፈጽሞ አለማወቅ አይደለም፤ እየፈሩም ቢሆን እግዚአብሔር ወደ ላከበት ስፍራ መሄድ ነው።

በዚያን ዘመን የይሁዳ ሕዝብ ጣዖት ያመልክ ነበር። ባለጠጋውም ድኻውን ያስጨንቅ ነበር። ሆኖም ሁሉ ያለ ሥጋት ይቀመጥ ነበር፤ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ በከተማችን ሳለ ጠላት አያሸንፈንም ይሉ ነበርና። ኤርምያስም በቤተ መቅደሱ በር ቆሞ፥ በእንግዳው፥ በአባት አልባው ልጅና በመበለቲቱ ላይ ግፍ እያደረጉ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት እንደማይጠቅማቸው ነገራቸው። ግፉን ባይተዉ ያ ቤት እንኳ እንደሚፈርስ አስታወቃቸው። ስለዚህ ነገር ካህናቱና ሐሰተኞቹ ነቢያት ሊያስገድሉት ፈለጉ።

ኤርምያስ ይህን የመከራ ቃል ሲናገር ደስ አይለውም ነበር። ስለ ሕዝቡ ጥፋት ሌሊትና ቀን ያለቅስ ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ሰዎች አልቃሻው ነቢይ ይሉታል። አንዳንድ ሰው ልቅሶውን እንደ ድካም ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሳያለቅስ የሚገሥጽ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገሥጸው ራሱን ከፍ ለማድረግ ነው። እያለቀሰ የሚገሥጽ ግን የሚገሥጸውን ሰው ይወድደዋል። ልጅዋ ወደ ገደል ሲሮጥ ያየች እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮኻለች። ጩኸትዋ ቍጣ ቢመስልም በውስጡ ያለው ፍቅር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ዓመት ገደማ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ቃል እየነገረው ባሮክ የሚባል ጸሓፊ በመጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉም በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት ተነበበ። ወራቱ የብርድ ነበረና በንጉሡ ፊት እሳት ይነድድ ነበር። ሦስት ወይም አራት ዐምድ በተነበበ ቍጥር ንጉሡ መጽሐፉን በካራ እየቈረጠ ወደ እሳቱ ይጥለው ነበር፤ እስኪያልቅም ድረስ እንዲህ አደረገ። ነገር ግን የተቃጠለው ብራናው እንጂ እውነቱ አልነበረም። ኤርምያስ እንደ ገና ተናገረ፤ ባሮክም እንደ ገና ጻፈ፤ ሁለተኛውም መጽሐፍ ከፊተኛው በለጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ወጣቱን ንጉሥ፥ መኳንንቱንና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ማርኮ ወደ ባቢሎን ወሰደ፤ ሴዴቅያስንም በይሁዳ አነገሠ። በዚያን ጊዜ ኤርምያስ ወደ ምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውንም እንዲድሩ መከራቸው። ከዚህም በላይ፥ በምርኮ ለተቀመጡባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ቤቱን ላፈረሰበት፥ ወንድሙንም ለማረከበት ሕዝብ መልካም መመኘት ለሰው ልብ የሚከብድ ነገር ነው። የነቢዩ ርኅራኄ ግን በይሁዳ ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚቀር አልነበረም።

ሐናንያ የሚባል ሌላ ነቢይ ደግሞ ምርኮኞቹ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ብሎ በሕዝቡ ፊት ተናገረ። ኤርምያስም ይህን በሰማ ጊዜ አልተሳደበም፤ አስቀድሞ አሜን አለ፤ እንዲህ ቢሆንማ እርሱም ይወድድ ነበርና። ነገር ግን እግዚአብሔር እንዲህ እንዳልተናገረ ዐውቆ እውነቱን አልደበቀም። ሕዝቡም ጣፋጩን ቃል ወደደ። ሁለቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ምርኮኞቹ አልተመለሱም። ሰውን የሚያስደስት ውሸት የሚናገር ርኅሩኅ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቍስሉን ሳያጥብ በነጭ ጨርቅ የሚሸፍን ሐኪም በሽተኛውን ይጐዳዋል እንጂ አይራራለትም።

ሴዴቅያስም በባቢሎን ንጉሥ ላይ ሸፈተ፤ የባቢሎን ሠራዊትም መጥቶ ኢየሩሳሌምን ከበባት። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ንጉሡና መኳንንቱ የሙሴን ሕግ አሰቡ። ሕጉ ዕብራዊ ባሪያ በሰባተኛው ዓመት አርነት እንዲወጣ ያዝዝ ነበር፤ እነርሱ ግን ይህን ትተው ነበር። አሁንም በእግዚአብሔር ፊት ቃል ኪዳን አድርገው ወንድሞቻቸው የሆኑትን ባሮች ነጻ አወጧቸው። ጥቂት ቈይቶ የግብፅ ጦር መጣ ስለ ተባለ የባቢሎን ሠራዊት ከከተማይቱ ራቀ። ወዲያው እነዚያ ጌቶች ነጻ ያወጧቸውን ሰዎች እንደ ገና ይዘው ባሮች አደረጓቸው።

ኤርምያስ በዚህ ነገር እጅግ አዘነ፤ ተቈጣም። በፍርሃት ቀን የተደረገ ምሕረት ፍርሃቱ ሲያልፍ የሚጠፋ ከሆነ ምሕረት ሊባል አይገባውም። እንዲህ ያለው ሰው የራራው ለባሪያው ሳይሆን ለራሱ ነው። በበሽታ ጊዜ ስእለት ተስሎ፥ በዳነ ጊዜ ስእለቱን የሚረሳ ሰው ሁሉ በዚህ ታሪክ ራሱን ይመልከት።

የከበበው ሠራዊት በራቀባቸው በእነዚያ ቀኖች ኤርምያስ ወደ ብንያም አገር ሊሄድ ከከተማው ሲወጣ፥ የበሩ ዘበኛ አለቃ ያዘው፤ ወደ ጠላት ልትኮበልል ነው ብሎም ከሰሰው። መኳንንቱም መትተው በጨለማ እስር ቤት አኖሩት። ብዙ ቀንም በዚያ ተቀመጠ። ንጉሡ ግን በስውር አስጠርቶ ከእግዚአብሔር የመጣ ቃል እንዳለ ጠየቀው። ኤርምያስ የታሰረ ሰው ቢሆንም ንጉሡን ለማስደሰት ቃሉን አልለወጠም፤ በባቢሎን ንጉሥ እጅ እንደሚወድቅ ነገረው። ሴዴቅያስም ራራለትና በግዞት ቤቱ አደባባይ እንዲቀመጥ፥ እንጀራም ከከተማው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ አንድ አንድ እንጀራ እንዲሰጡት አዘዘ።

የባቢሎን ሠራዊት ተመልሶ ከተማይቱን በከበበ ጊዜ መኳንንቱ ወደ ንጉሡ መጡ፤ ኤርምያስ እንዲሞትም ለመኑ። ከእነርሱም መካከል የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስና የሰሌምያ ልጅ ዮካል ነበሩ። ክሳቸውም፥ ይህ ሰው ከተማይቱ ትያዛለች እያለ የወታደሮቹን እጅ ያደክማል የሚል ነበር። ንጉሡም እርሱ በእጃችሁ ነው፥ እኔ እናንተን ልከለክል አልችልም አላቸው። እነርሱም ወስደው ኤርምያስን በጕድጓድ ውስጥ በገመድ አወረዱት።

በዚያ አገር ዝናም የሚዘንበው በብርዱ ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎች ዐለት እየፈለፈሉ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጕድጓድ ያበጁ ነበር። የእንዲህ ያለው ጕድጓድ አፉ ጠባብ፥ ውስጡ ሰፊ ነው፤ የገባበት ሰው ብቻውን ሊወጣ አይችልም። በዚያ ጕድጓድ ውሃ አልነበረበትም፤ ጭቃ ብቻ ነበረ፤ ኤርምያስም በጭቃው ውስጥ ሰጠመ። መኳንንቱ በሰይፍ አልገደሉትም፤ ነገር ግን በዚያ በረኃብ እንዲሞት ትተውት ሄዱ። ሰውን በገዛ እጁ ሳይገድል በችግሩ ውስጥ ትቶት የሚሄድ ሰው እጄ ንጹሕ ነው ሊል አይችልም።

በንጉሡ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የሚባል ጃንደረባ ነበረ። ስሙም በዕብራይስጥ የንጉሥ አገልጋይ ማለት ነው። እርሱም ከኩሽ አገር የመጣ ሰው ነበረ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ኢትዮጵያዊ ይለዋል። በኢየሩሳሌም የእናት ልጅ፥ የአባት ወገን ነበረው ተብሎ አልተጻፈም። በመኳንንቱ ዘንድ ተጠልቶ ቢገኝ የሚሟገትለት አልነበረም። ነገር ግን ኤርምያስ በጕድጓድ እንደ ተጣለ በሰማ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ንጉሡ ወደ ተቀመጠበት ወደ ብንያም በር ሄደ። እነዚያ ሰዎች በነቢዩ ላይ ክፉ ነገር እንዳደረጉ፥ በረኃብም እንደሚሞት ለንጉሡ በግልጥ ተናገረ። ሴዴቅያስም ልቡ ተነካ፤ 30 ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው አዘዘው።

አቤሜሌክ በቶሎ ወደ ጕድጓዱ አልሄደም። አስቀድሞ ከዕቃ ቤቱ በታች ወዳለው ክፍል ገባና ያረጀ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ። ከዚያም ወደ ጕድጓዱ አፍ ሄዶ ጨርቁን በገመድ ለኤርምያስ አወረደለት፤ ጨርቁንም በብብቱ አድርጎ ገመዱን በላዩ እንዲያስገባ ነገረው። ኤርምያስም እንዲሁ አደረገ። ሰዎቹም ጐትተው አወጡት።

ይህ ያረጀ ጨርቅ በመጽሐፍ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ነቢዩን ከሞት ለማዳን ገመዱ ብቻ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ኤርምያስ በረኃብ የከሳ፥ በጭቃም የተያዘ ሰው ነበረ። ከጭቃ ውስጥ ሰው ሲጐተት ገመዱ ይጠብቃል፤ ሥጋንም ይቈርጣል። አቤሜሌክ ይህን ገና ሳይሆን ዐሰበው። እርሱ በደረቅ መሬት ቆሞ ሳለ የገመዱን ሕመም በገዛ ብብቱ ላይ እንዳለ አድርጎ ቈጠረው። ርኅራኄ ማለትም ይህ ነው፤ የሌላውን ሕመም እንደ ራስ ሕመም አድርጎ ማሰብ፥ ካሰቡም በኋላ እንዲቀልለት ማድረግ።

ለዚህ ሥራ ወርቅ አላስፈለገም። በንጉሥ ዕቃ ቤት ሥር የተጣለ፥ ማንም የማይፈልገው ጨርቅ በቃ። ስለዚህ ድኻ ነኝና ልራራ አልችልም የሚል ሰው ምክንያት የለውም። ሀብታምም ቢሆን እየተቈጣና እያዋረደ የሚሰጥ ሰው ያለ ጨርቅ በገመድ እንደሚጐትት ነው። ከሞት ያድን ይሆናል፤ ነገር ግን ያቈስላል። አበው ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት ስለዚህ ነው። የሚሰጠው ነገር ጥቂት ቢሆን እንኳ የሚሰጠው ሰው ፊት ብሩህ ከሆነ፥ የተቀበለው ሰው ይጠግባል፤ አያፍርምም።

ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር በኤርምያስ አፍ ለአቤሜሌክ ቃል ላከለት። ከተማይቱ በምትጠፋበት ቀን በሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደማይወድቅ፥ ነፍሱም እንደምትድን ነገረው። ምክንያቱም በእግዚአብሔር ስለ ታመነ ነው። ይህ ነገር እጅግ ሊታሰብ ይገባል። አቤሜሌክ ሲሰብክ ወይም ረዥም ጸሎት ሲጸልይ በመጽሐፍ አልተጻፈም። የተጻፈለት አንድ ሰው ከጕድጓድ ማውጣቱ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ግን ያን ሥራ አይቶ እምነት አለው። ሐዋርያው ያዕቆብም ከብዙ ዘመን በኋላ ሥራ የሌለው እምነት በድን መሆኑን አስተምሯል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ሦስቱን ሰዎች ማመዛዘን ይገባል። መኳንንቱ ለከተማቸው ቅንዓት ነበራቸው፤ ርኅራኄ ግን አልነበራቸውም። ንጉሡ ርኅራኄ ነበረው፤ እንጀራም ሰጠ፥ በስውርም ጠየቀ፤ ነገር ግን ከእግዚአብሔር ይልቅ መኳንንቱን ይፈራ ነበርና ርኅራኄው በጠዋት ተሰጥቶ በማታ የሚወሰድ ሆነ። አቤሜሌክ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያዘ። ስለ ራራ ዝም አላለም፤ ስለ ታመነም አልፈራም። ከሦስቱ ታናሹ እርሱ ነበረ፤ ዘውድም ሠራዊትም አልነበረውም፤ በዚያ ቀን በኢየሩሳሌም እንደ ንጉሥ የሠራው ግን እርሱ ነው።

ለመኳንንቱ የሚሟገት ሰው ይነሣ ይሆናል። ከተማ በተከበበች ጊዜ የወታደሩን ልብ የሚያደክም ሰው ዝም መባል አይገባውምን ይላል። በእውነትም ጭንቃቸው ቀላል አልነበረም፤ ረኃብ በከተማው ገብቶ ነበር። ነገር ግን ኤርምያስ የተናገረው ሕዝቡ እንዲጠፋ ሳይሆን እንዲድን ነው። ለባቢሎን ንጉሥ እጅ ቢሰጡ ከተማይቱ እንዳትቃጠል፥ ሕዝቡም እንዳይሞት ይመክር ነበር። አገርን መውደድ ማለት የአገርን ስሕተት ሁሉ ማመስገን አይደለም። ደግሞም ሰው የማይወድዱትን ቃል ስለ ተናገረ በጭቃ መጣል ክርክርን አያሸንፍም፤ መልስ ማጣትን ብቻ ይገልጣል።

የኤርምያስን እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳይ ሌላ ነገርም አለ። ከተማይቱ ተከብባ፥ እርሱም በግዞት ቤቱ አደባባይ ታስሮ ሳለ፥ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ለመነው። ያ እርሻ በዚያን ጊዜ በጠላት እጅ ነበረ። ኤርምያስም እንደምትጠፋ የተናገረላትን አገር መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ይህም ወደ 190 ግራም የሚመዝን ብር ነው። ውሉን በምስክሮች ፊት ጻፈና አተመ፤ ብዙ ዘመን እንዲቈይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ለባሮክ ሰጠው። በዚያች ምድር ቤትና እርሻ፥ የወይንም ቦታ እንደ ገና እንደሚገዛ ያምን ነበርና።

ይህ እርሻ የእምነት ሥራ ነው፤ የርኅራኄ ሥራም ነው። ነቢዩ ለሕዝቡ ጥፋትን ብቻ ተናግሮ አልሄደም። ሁሉ ተስፋ በቈረጠ ጊዜ የገዛ ብሩን መዝኖ ተስፋን በዐይናቸው አሳያቸው። ሰውን ገሥጾ ያለ ተስፋ መተው ጨርቅ የሌለበት ገመድ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ የኢየሩሳሌም ቅጥር ተሰበረ፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። ሴዴቅያስ በሌሊት ሸሽቶ በኢያሪኮ ሜዳ ተያዘ፤ በሰንሰለትም ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። የባቢሎን ዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን ግን ኤርምያስን ፈታው። ወደ ባቢሎን ቢመጣ በመልካም እንደሚጠብቀው፥ ባይወድድ ግን ወደ ፈለገበት እንዲሄድ ነገረው። ኤርምያስም ምቾቱን ትቶ በአገር ከቀሩት ድኾች ጋራ ተቀመጠ። እነርሱ ለ40 ዓመት ያህል ያልሰሙት ሰዎች ነበሩ። እውነት ሆነልኝ ብሎ በጥፋታቸው አልተደሰተም፤ ከእነርሱም አልተለየም። በኋላም ምክሩን ሳይሰሙ ወደ ግብፅ በሸሹ ጊዜ እርሱን ደግሞ ወሰዱት፤ በግብፅም ጣፍናስ በምትባል ከተማ ተናገራቸው።

በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2005 ዓመት ወዲህ፥ የጥንት ነገር መርማሪዎች በኢየሩሳሌም የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ ሲቈፍሩ ደብዳቤ የሚታሸግባቸው ሁለት ትንንሽ የጭቃ ማኅተሞች አገኙ። በአንዱ ላይ የሰሌምያ ልጅ ዮካል፥ በሌላውም የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ የሚል ስም አለ። እነዚህ ስሞች ኤርምያስ እንዲሞት ከለመኑት መኳንንት ስም ጋራ አንድ ናቸው። የአቤሜሌክ ማኅተም ግን አልተገኘም። ቢሆንም የኤርምያስ መጽሐፍ በሚነበብበት አገር ሁሉ ሰዎች የሚያመሰግኑት እርሱን ነው። የመኳንንቱ ስም በጭቃ ላይ ቀረ፤ የአገልጋዩ ስም ግን በሰው ልብ ላይ ቀረ።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም አቤሜሌክ ይታሰባል። እግዚአብሔር የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት እንዳስተኛው፥ ሲነቃም የለቀመው በለስ ሳይጠወልግ እንዳገኘው ይተረካል። የኢትዮጵያ ልጆች በዚህ ሰው ስም ደስ ቢላቸው የሚገባ ነው። ነገር ግን በስሙ መመካት ቀላል ነው፤ ሥራውን መከተል ይከብዳል። እርሱ የራራው ለወገኑ ብቻ አልነበረም፤ ለባዕድ አገር ነቢይ ራራ። እንግዳውን እየናቀ በአቤሜሌክ የሚመካ ሰው ስሙን እንጂ ልቡን አልወረሰም።

ኤርምያስም ሰው ነበረ እንጂ መልአክ አልነበረም። መከራው በበዛ ጊዜ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ጠላቶቹም ብድራታቸውን እንዲቀበሉ እግዚአብሔርን ለመነ። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አልሸሸገም። ከነቢዩ የሚበልጠው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰላት፤ በመስቀልም ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ሰዎች ምሕረትን ለመነ። በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ኢየሱስን ኤርምያስ ነው ይሉት ነበር፤ ይህም በወንጌል ተጽፏል። ነቢዩ የጀመረውን የእንባ መንገድ ጌታ ፈጸመው፤ በቀልንም ከውስጡ አወጣ። ክርስቲያን ሁሉ በዚህ በኋለኛው መንገድ እንዲሄድ ታዝዟል።

ይህ ትምህርት ለነገሥታትና ለነቢያት ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤትም ጕድጓድ አለ። ልጆች ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ሲስቁ፥ ያ ልጅ በጭቃ ውስጥ ነው። ልብሱ ስላረጀ፥ ንባብ ስለ ዘገየበት ወይም ከሌላ አገር ስለ መጣ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ፥ እርሱም በጭቃ ውስጥ ነው። ከሚስቁት ጋራ የሚስቅ ተማሪ እንደ መኳንንቱ ነው። በልቡ እያዘነ ጓደኞቹን ፈርቶ ዝም የሚል እንደ ሴዴቅያስ ነው። ተነሥቶ ይህ ክፉ ነገር ነው የሚል፥ ሄዶም አጠገቡ የሚቀመጥ ግን የአቤሜሌክ ወንድም ነው። ሲረዳውም በሰው ፊት እያሳፈረው አይደለም፤ በለሰለሰ ቃል ነው።

እምነቱን መመርመር የሚወድድ ሰው ስንት ጸሎት እንደ ደገመ ብቻ አይቍጠር። ማንን ከጕድጓድ እንዳወጣ ይጠይቅ። ርኅራኄውንም ሊመረምር የሚወድድ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ ብቻ አያስብ፤ ካለቀሰ በኋላ ተነሥቶ እንደ ሄደ ይመልከት። ገመድ የያዘ ጨርቁን አይርሳ፤ ጨርቅ የሰበሰበም ገመዱን ለመጣል አይፍራ።